ቀጭኔ የቀናችበት ሳጥን

ቀጭኔ ቀናች። በቃ፣ ሌላ ስም የለውም፣ ቅናት ነው! ደግሞ እንዴት ያለ ቅናት መሰላችሁ፤ ጠዋት ስትነሳ አብሯት የሚነሳ፣ ፊቷን ስትታጠብ በመስታወት የሚያያት፣ ማታ ትራስ የሚሻማት ዓይነት። በሰው ፍቅረኛ ወይ በሰው ፀጉር እንዳይመስላችሁ ታዲያ። በሳጥን ነው የቀናችው። በእንጨት ሳጥን!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጭኔ ቬሎ የሚሰፋበት ቤት ነው የምትሠራው። ከፊት እትዬ፣ ማለትም የቤቱ ባለቤት፣ ከሙሽሮችና ከሙሽሮች እናቶች ጋር እየተሳሳቁ ይቀመጣሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት ክፍሉ አለ፤ ማሽኑ፣ ካውያው፣ ዳንቴሉ፣ መሬት ላይ የተበተነው ዶቃ ምናምን። ከዚያ አልፎ ደግሞ በር ያላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ፕሮቫ ክፍል ይሏታል፣ ልብስ የሚለካባት። ሳጥኑ ያለው እዚያ ነው። ሙሽሮቹ ሥራ አለብን፣ ጉዳይ አለብን እያሉ ልካቸውን ሰጥተው ውልቅ ስለሚሉ፣ ከሠራተኞቹ መሀል ሰውነቷ ለሙሽራዋ የሚቀርበው ልጅ ቬሎውን ትለብስና ሳጥኑ ላይ ትቆማለች። ጋሼ፣ የእትዬ ባል፣ የቤቱ ዋና ልብስ ሰፊ፣ ከንፈራቸው ላይ ስፒል ደርድረው ዙሪያዋን ይዞራሉ። ያጠባሉ፣ ያሰፋሉ፣ ያሳጥራሉ። እየዞሩም ሙያውን ይነግሯታል፤ ይሄ ጨርቅ እንዲህ ይቆረጣል፣ ያኛው እንዲህ ይወድቃል እያሉ። ከዚህ በፊት ሳጥኑ ላይ ቆመው የነበሩት ሁለት ልጆች ዛሬ የራሳቸው ቤት ያላቸው ቆራጮች ናቸው። ገባችሁ? ሳጥን ማለት እንዲሁ ሳጥን አይደለም!

ቀጭኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ቀጭኔ ያለቻት ዚፐር ናት፣ በአንገቷ ርዝመት። ዚፐር ደግሞ ዶቃ የምትለቅም ትልቅ ሴት ናት፤ አፏ ተዘግቶ ስለማያውቅ ነው ዚፐር የተባለችው። "የተበላሸ ዚፕ በሉኝ እንጂ" ትላለች ራሷ፣ ስቃ።

እና ያንን ሳጥን ማን በእጁ አሳልፎ ሰጠባት? ራሷ! የአክስቷን ልጅ ድምቡሼን ይዛ የመጣች እሷ ናታ። ድምቡሼ ባንድ ዓመት ታንሳታለች፤ ጉንጯ ሙሉ፣ ዳሌዋ ሙሉ፣ ሳቋ ሙሉ። አብረው ነው ያደጉት፣ ባንድ ጃንጥላ፣ ባንድ ማበጠሪያ። ድምቡሼ ሥራ አጥታ እናቷ ቤት ስትቀመጥ ጊዜ "አክስቴ፣ አታስቢ፣ እኔ አስገባታለሁ" አለች ቀጭኔ፣ ደረቷን ነፍታ።

አቋቋሙንም ያስተማረቻት እሷ ናት።

"ጉልበትሽን አታድርቂው፣ ያዞርሻል። ትንፋሽሽን ከላይ ከላይ ውሰጂ። ስፒል ቢወጋሽ 'እህ' እንዳትይ! ከተንቀሳቀስሽ የባሰ ትደሚያለሽ። ነጩ ላይ አንድ ጠብታ ደም ካረፈ ቬሎው አለቀለት፣ አንቺም አለቀልሽ።"

"ቢያመኝስ?"

"ዋጥ ነዋ! ስትወርጂ ታለቅሻለሽ።"

"ከወረድኩ በኋላማ ምን ያስለቅሰኛል" አለች ድምቡሼ፣ ሁለቱም በሳቅ ተንከተከቱ።

ከዚያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፤ የዘንድሮ ሙሽሮች በሙሉ ሞላ ሞላ ያሉ ሆነው አረፉት! አንድ ቀጭን የለችም! ጋሼ የመጋረጃውን ጫፍ ገለጥ አድርገው "ዛሬ ድምቡሼ ትውጣ" አሉ። ነገም ድምቡሼ። ከነገ ወዲያም። ቀጭኔ ማሽኗ ላይ አቀርቅራ የጉርድ ጫፍ ታጥፋለች፣ ጆሮዋ ግን ፕሮቫ ክፍል ነው።

ደግሞ በሩ! እሷ ስትቆም በሩ ወለል ብሎ ነበር፤ ዚፐር እንኳ "ቀጭኔ፣ ከላይ አየሩ እንዴት ነው?" እያለች ታሾፍባት ነበር። ለድምቡሼ ግን ይዘጋል። ምን እያስተማሯት ነው? ለእኔ ያላሳዩኝ የትኛውን አቆራረጥ ነው? አንጀቷ አረረ። አንድ ቀን ደግሞ ድምቡሼ ጠረጴዛ ላይ አዲስ መቀስ ታየ። ትንሽዬ፣ እጀታው ወርቃማ፣ የዳንቴል መቁረጫ። ቀጭኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የተመኘችው ዓይነት!

"ከየት መጣ?" አለች፣ እንደ ዋዛ።

"ጋሼ ናቸው የሰጡኝ።"

"ነው? እንኳን ደስ ያለሽ በያ!"

ድምቡሼ ዳንቴሏ ላይ አቀረቀረች። ምሳ አብራቸው መብላት ተወች። ስቃ ሆዷን የምትይዝ ልጅ ጥግ ይዛ መቀመጥ ጀመረች። ከሥራ ሲወጡ ክንዷን ከክንዷ የምታቆላልፈዋ ልጅ እጇን ኪሷ ከትታ መሄድ ጀመረች። ቀጭኔ ዐየችው፣ አላየሁም አትልም። ግን ምን ብላ ተረጎመችው? ኩራት! "ተመልከቻት፣ መቀስ ስታገኝ አንገቷ ከእኔ በለጠ" አለቻት ለዚፐር። ዚፐርም ነገሩን ወስዳ እንደ ዶቃ ለሁሉም በተነችው።

ቀጥሎ ያለውን ለመስማት ግን ሆድ ይጠይቃል።

አንድ ከሰዓት ሁሉም የአንድ ሙሽራ መጋረጃ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ያው የፊት መሸፈኛውን ማለቴ ነው፣ ዶቃ እየተከሉ ነበር። ዚፐር ወሬ አመጣች። በሰፈሯ አንዲት ልጅ አለች፣ አሠሪዋን ቢሮው ውስጥ ደፈረኝ ብላ ከሰሰችው።

"ስንት ጊዜ ቆይታ መሰለሽ የተናገረችው! እስከዛሬ የት ነበረች?"

እትዬ መጋረጃውን ገልጠው ብቅ አሉ። "እኔ ብሆን ጥርሱን ነበር የማራግፍለት። ዝም ካለች ፈልጋ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው።"

"ምንስ ለብሳ እንደሄደች ማን ያውቃል" አለች ዚፐር።

ቀጭኔ ስለዚያች ልጅ አንድም ነገር አታውቅም። ግድም አልሰጣት። ዓይኗ ያረፈው ወርቃማው መቀስ ላይ ነው። ምላሷን በላት ምላሷን! "አንዳንዷማ ራሷ ናት በሩን የምትዘጋው" አለች፣ ቃል በቃል እየረገጠች። "ስጦታውን ተቀብላ፣ ሲጎድልባት ነው ተበደልኩ የምትለው።"

ሁሉም ሳቁ። ወርወር ያደረገችው ነገር ወደማን እንደሆነ ለሁሉም ገብቷቸዋል፤ ቀጭኔ እንደቀናች ያላወቀ ካውያው ብቻ ነው።

ድምቡሼ ቀና አላለችም። መርፌው ግን ጣቷ ውስጥ ገባ፣ እስከ ጥፍሯ ሥር። እህ አላለችም። ቀይ ጠብታ ነጩ ላይ ሰፋ፣ ሰፋ፣ ሰፋ አለ። እትዬ ጮኹ። ድምቡሼ ተነስታ ሹራቧን ደረበችና ወጣች። በማግስቱ አልመጣችም። በማግስቱ ማግስትም አልመጣችም።

ቀጭኔ ደስ አላት? ኧረ ደስ ብሏታል! ጋሼ ጠርተው "ሳጥኑ ያንቺ ነው፣ ከዚህ ወር ጀምሮ መቁረጥ አስጀምርሻለሁ" ሲሏት በደስታ ልትበር ነበር። ዕድሏ እየጮኸ መጣላት! ግን ዚፐር መቼ አርፋ ትቀመጣለች። "ሰማሽ? ድምቡሼን እዚያ ትልቁ ቬሎ ቤት ወስደዋታል አሉ። በቆራጭነት!"

በቆራጭነት? ደስታዋ እንደ ጨው ሟሟ። እዚያው ቅናቷ ተመለሰ፣ እንዲያውም ዘመድ ይዞ ተመለሰ። ከሥራ እንደወጣች ቀጥታ አክስቷ ቤት ሄደች። አክስቷ የሉም። ድምቡሼ አልጋዋ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች፤ ቤቱ እንደ ምጣድ ይጋላል፣ እሷ ሹራብ እስከ አገጯ ድረስ ቆልፋለች።

"እንኳን ደስ አለሽ!" አለች ቀጭኔ ገና ከበሩ። "ለእኔ መንገር ከበደሽ? ለእኔ? እኔ እጅሽን ይዤ አስገብቼሽ?"

"ስለምን ነው የምታወሪው?"

"ስለ አዲሱ ሥራሽ ነዋ! እዚህም ሳጥን፣ እዚያም ቆራጭ! ምን ብታሳዪያቸው ነው እንዲህ የሚሻሙብሽ?"

ድምቡሼ አየቻት። "ምንም ሥራ የለኝም" አለች። "ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም።"

"ታዲያ ለምን ተውሽው? ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ዕድል…"

"ቀጭኔ፣ በሩን የምዘጋው እኔ አልነበርኩም።"

ቀጭኔ በሩን ለቃ ወደ ውስጥ ገባች።

"እሱ ነው የሚዘጋው" አለች ድምቡሼ። ጋሼን "እሱ" ስትል ሰምታት አታውቅም። ድምፅዋ ደረቅ ነው፣ የሌላ ሰው ነገር የምታወራ ነው የምትመስለው። "መጀመሪያ እጁ የሳተ መሰለኝ። ስፒል ሲፈልግ፣ ልክ ሲፈልግ። ከዚያ እንዳልሳተ ገባኝ። ከዚያ በኋላ… ያደረገውን አደረገ። መቀሱን በማግስቱ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ከሁላችሁም ፊት። ደስ ያላት እንድመስል ነው መሰለኝ።"

አሁን የሚነገረው ነገር ያሳፍራል፣ ግን ቀጭኔ ልብ ውስጥ መጀመሪያ ብልጭ ያለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሀዘን አይደለም። ቁጣም አይደለም። "ለምን እሷን?" የሚል ነገር ነው። እዚያም ላይ የተመረጠችው እሷ ናት የሚል! ለቅጽበት ነው፣ ግን አለ፤ ቅናት እንዲህ ያለ እብድ ነገር ነው። ቀጭኔ ራሷን ሰማችና አፈረች። አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። ቀጥሎ ደግሞ፣ ከአፏ ስለሚወጣው ነገር ሳታስብ፦

"ለምን አልጮህሽም? እኛ እኮ እዚያው ነበርን! በአንድ በር ብቻ ተለይተን!"

"ሰውነቴ ዙሪያውን ስፒል ነበር" አለች ድምቡሼ። "ብብቴ ሥር፣ ወገቤ ላይ፣ ጀርባዬ ላይ። በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይወጋኛል። ደግሞ አእምሮዬ ቀጥ አለ። የማስበው ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ነጩን እንዳላደማው። እህ እንዳልል። ያስተማርሽኝ ነገር ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው።"

ቀጭኔ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

"በኋላ ልነግርሽ ነበር" ቀጠለች ድምቡሼ። "እግዜር ያውቃል፣ ላንቺ ብቻ። በዚያ ቀን ከሥራ ስንወጣ ልነግርሽ ወስኜ ነበር የመጣሁት። ከዚያ ዚፐር ያንን ወሬ አመጣች። እስከዛሬ የት ነበረች አለች። እትዬ ዝም ካለች ፈልጋ ነው አሉ። አንቺ ደግሞ… አንቺም ተናገርሽ።"

"ቀንቼ እኮ ነው!" አለች ቀጭኔ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። "በእናቴ ቀንቼ ነው! መቀሱን አይቼ፣ በሩን አይቼ… ስላንቺ እንደዚያ አስቤ አይደለም። ስለዚያች ልጅም ምንም አላውቅም። ቀንቼ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች ድምቡሼ። "ግን አየሽ፣ አንቺ እንኳ ቀንተሽ እንደዚያ ካልሽ፣ የሚጠሉኝ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ።"

በመጨረሻ ድምቡሼ ቃል አስገባቻት፤ እሷ ራሷ ካልተናገረች በቀር ቀጭኔ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ለእናቷም። "ነገሩ የእኔ ነው" አለች። "የምናገረው እኔ ነኝ፣ ከተናገርኩ።" ቀጭኔ ማለች። ወሬ ሆዷ ውስጥ አድሮ የማያውቅባት ልጅ!

በማግስቱ ቀጭኔ እቃዋን ልታወጣ፣ "አሞኛል" ብላ ልትቀር አስባ ነው የሄደችው። ገና ቦርሳዋን ሳታነሳ ግን የፊተኛው በር ተከፈተና ማን ቢገባ ጥሩ ነው? አክስቷ! ድምቡሼን በክንዷ እየጎተቱ።

"እትዬ፣ ይቅር በሉልኝ" አሉ አክስቷ፣ አንገታቸውን ሰብረው። "የልጅ ነገር ነው። ለምን ተውሽው ስላት መልስ የላትም። ቁጭ ብላ ጣራ ታያለች። ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው።"

እትዬ ፈገግ አሉ። "እኛ ምን ቂም አለን። ስድስት ቬሎ ተንጠልጥሎ ይጠብቃታል።"

ያ ሰውዬ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። ለስላሳ ድምፅ፣ አንገቱ ላይ ሜትር፣ ሸሚዙ ላይ የተደረደረ ስፒል። "ይቅር ብያታለሁ" አለ። እሱ! ይቅር ብያታለሁ! "ነይ ልጄ፣ ቶሎ ለብሰሽ ውጪ፤ ሙሽራዋ ከሰዓት ትመጣለች።"

ድምቡሼ እንደተተከለች ቀረች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ጉልበቷን አላደረቀችም፣ ትንፋሽዋ ከላይ ከላይ ነው። ቀጭኔ ያንን አቋቋም አወቀችው።

ምን ታድርግ? ምላለች፣ መናገር አትችልም። ዝም ካለች ደግሞ በሩ ሊዘጋ ነው። ያኔ ያላት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ማንም የማይጠራጠረው።

"አትወጣም!" ብላ ጮኸች።

ሁሉም ዞሩ።

"ሳጥኑ የእኔ ነው! ይቺ ከወጣች እኔ ቬሎዎቻችሁን በሙሉ በመቀስ ነው የምቀዳድዳቸው!"

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አሉ እትዬ።

"ቀንቻለሁ!" አለች ቀጭኔ፣ በጠራ ድምፅ። "ምን አገባችሁ፣ ቀንቻለሁ! ጉንጯን ሳይ እቀናለሁ፣ ሳቋን ሳይ እቀናለሁ! እኔ ይሄን አንገት ይዤ ስንገላታ እሷን በር ዘግታችሁ ታስተምራላችሁ! መቀስ ትሰጣላችሁ! እኔስ? እኔ የእንጀራ ልጅ ነኝ?" የሚገርመው እኮ አንዱም ውሸት አይደለም። ወራት ሙሉ ውጣ ያስቀመጠችው ነው፣ እንደ ጎርፍ ነው የወረደላት።

"ድሮም ብያለሁ!" አለች ዚፐር፣ እጇን አጨብጭባ። "ይቺ ልጅ በቅናት ትፈነዳለች ብያለሁ!"

"ተረጋጊ ልጄ" አለ ሰውዬው፣ ጠጋ ብሎ።

"ልጅህ አይደለሁም!" አለች፣ ዓይኑን እያየች። አንተ አለችው! እትዬ ደረታቸውን ያዙ። እሱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቀጭኔ ምንም አልጨመረችም። ቦርሳዋን ባንድ እጇ፣ የድምቡሼን እጅ በሌላው አፈፍ አደረገች። "እኔ በሌለሁበት እሷም አትቆምም! ውርድ ከራሴ!"

"ሁለታችሁም ውጡልኝ!" ጮኹ እትዬ። "እብዶች! ዳግመኛ በዚህ ደጅ እንዳላያችሁ!"

ከዚህ የበለጠ ምን ያማረ ቃል አለ! እየሮጡ ነው የወጡት።

አክስቷ ከኋላቸው ደረሱ፣ ነጠላ ጫማቸው እየተንጣጣ። የመንገዱ ዳር ላይ ቀጭኔን ያዟት። "አንቺ ምቀኛ! በገዛ እህትሽ? ሥራዋን አስነጠቅሻት! ይሄ ቅናትሽ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል!" ሰው ቆሞ ያያል። የጫማ መደብሩ ልጅ ሳይቀር ብቅ ብሏል። ቀጭኔ አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ተቀበለች። ከንፈሯን ነከሰች። ሳጥኑ ሄዷል፣ መቁረጡ ሄዷል፣ ስሟም ሄዷል። ነገ ሰፈሩ በሙሉ ቀናተኛዋ ነው የሚላት። ይበል!

"እማ፣ አትስደቢያት" አለች ድምቡሼ።

"ዝም በይ አንቺ ደግሞ!"

"ዝም ብዬማ ነበር" አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ድምፅ ነው። "እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። ስነግርሽ ግን ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። መጀመሪያ ስሚኝ ብቻ። ከዚያ የፈለግሽውን በይ።"

አክስቷ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ድምቡሼ ያንን እጅ ወሰደችና እናቷን ወደ ግድግዳው ጥላ ይዛት ሄደች። ቀጭኔን አልጠራቻትም። ቀጭኔ የራሷንና የድምቡሼን ቦርሳ ታቅፋ ጫማ መደብሩ ፊት ለፊት ተገትራ ቀረች።

ከዚያ ሆና አየች። የድምቡሼ ከንፈር ሲንቀሳቀስ። የአክስቷ ፊት ቀስ እያለ ሲለወጥ፣ የለበሱት ቁጣ ከላያቸው ላይ ሲወልቅ። "ለም…" ብለው ጀመሩ አክስቷ፣ እዚህ ድረስ ተሰማ፣ ከዚያ አፋቸውን በመዳፋቸው ግጥም አድርገው ያዙት። ያዙት። አልለቀቁትም። በሌላው እጃቸው ልጃቸውን ወደ ደረታቸው ሳቧት፣ ድምቡሼም እዚያ ውስጥ ገብታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንገድ ላይ፣ እየጮኸች አለቀሰች።

ቀጭኔ ቀናች። ኧረ ቀናች! መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ነበርኩ እንዲያ ማቀፍ የነበረብኝ፣ የዚያን ከሰዓት፣ ገና መርፌው ጣቷን ሳይወጋት። ቦርሳዎቹን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ጠበቀች።

አክስቷ በልጃቸው ትከሻ ላይ ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። ቀጭኔን ሲያዩ ምን እንደሚሉ ጠፋቸው መሰለኝ፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ ፈቱት።

"አንቺ!" አሉ በመጨረሻ። "ምን ይገትርሻል እዚያ? ነይ እንጂ!"